ጭስ ጭስ ትያለሽ

ከእማዬ ዘንድ ሰንብቼ ስመለስ፣ ቢሮ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ሁሌም ያንኑ ትለኛለች። «ጭስ ጭስ ትያለሽ።» ክፋት የለባትም። እሷም የገጠር ልጅ ናት። ሽታው ስለሚናፍቃት ነጠላዬን ሳብ አድርጋ ታሸተዋለች።

አንድ ቀን ግን አሸተተችና ቆም አለች። «የዛሬው ሌላ ነው» አለችኝ። «ባለፈው ኩበት ነበር። ዛሬ ቅጠል ቅጠል ይላል።»

እውነቷን ነው። ባለፈው የሄድኩት በነሐሴ ነበር። ያኔ ቤት ውስጥ የሚነደው እርጥበት የገባው ኩበት ነው። ይሄኛው የኅዳር ነው። በኅዳር የረገፈው የባህር ዛፍ ቅጠል ደርቆ ይገኛል፤ ተጠርጎ ይማገዳል። ውቂያም ስላለ እብቁ ልብስ ውስጥ ይገባል። በሚያዝያ ብሄድ ኖሮ አፈር አፈር እል ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሰፈራችን አየር ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። አዲስ አበባ ውስጥ «ገጠር ልሄድ ነው» ስትሉ መልሱ አንድ ነው። «እሰይ! ንጹህ አየር ትስቢያለሽ።» ብዙ ዓመት «አዎ» ስል ኖሬያለሁ። አሁን «የት ጋ? በየትኛው ወር? በስንት ሰዓት? ውጭ ነው ቤት ውስጥ?» ማለት ያምረኛል። ነገረኛ እንዳልባል ዝም እላለሁ። እዚህ ግን ብሎጉ የራሴ ነውና ልናገር።

ሰፈራችን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስትሄዱ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ያለ ነው። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት። እኛም ከዚያ ብዙ አንለይም። በመኪና የሚያልፍ ሰው አገሩ ዝርግ ሜዳ ይመስለዋል። ሰፈራችን ግን ጣባ ነው፤ መሃሉ ጎድጎድ ያለ። በሦስት በኩል ጋራ፣ በአንድ በኩል ወንዟ የምትወጣበት ጠባብ በር። ወንዝ ማለቴ በበጋ ልጅ የሚዘላት ናት። ቤተ ክርስቲያኑ ጋራው አናት ላይ ነው። የእማዬ ቤት ከጋራው ትከሻ ላይ። የወንድሜና የአብዛኛው ወጣት ቤት ደግሞ ታች፣ መንገዱና የመብራት ምሰሶው አጠገብ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁለት የባቄላ ማሳ ነበረው። አንዱ ወንዙ ዳር ነው፤ አፈሩ ጥቁር፣ እርጥበት የማያጣ። ሌላው ከጋራው ወገብ ላይ፣ ድንጋያማ። ጎረቤት ሁሉ የሚመኘው የመጀመሪያውን ነበር። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ውርጭ ሲጥል ግን የወንዙ ዳር ባቄላ የፈላ ውሃ የተደፋበት መስሎ ጠቁሮ ያድራል። የጋራው ወገብ ባቄላ ምንም አይሆንም። አባቴ «ውርጭ እንደ ውሃ ነው፤ ዝቅታ ይወዳል» ይል ነበር። እኔ ተረት ይመስለኝ ነበር።

በኋላ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ስንማር ነው አባቴ እንዳለ እውነቱን መናገሩ የገባኝ። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ላይ ትለቀዋለች። ደመና ቢኖር እንደ ጋቢ ይይዝላት ነበር። ደመና የለም። መሬቱ ሲቀዘቅዝ መሬቱን የነካው አየርም ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። በጋራው ጎን ተንሸራቶ ይወርድና ጣባው ውስጥ ይተኛል። ሞቅ ያለው አየር ከላዩ ይቀራል። ወትሮ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይበርዳል። በዚያ ሰዓት ነገሩ ይገለበጣል። ታች ይበርዳል፣ ላይ ይሞቃል። ሞቃቱ አየር ምጣድ ላይ እንዳለ አክምባሎ ይከደንበታል።

አባቴ ያላለው፣ ጭስም በዚያው መንገድ እንደሚሄድ ነው። ከምድጃ የወጣ ጭስ ሞቃት ስለሆነ ይነሳል። ትንሽ እንደ ወጣ ይቀዘቅዛል። አክምባሎው ጋ ሲደርስ ይቆማል። መሄጃ ሲያጣ ወደ ጎን ይዘረጋል። በኅዳር፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሆኖ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ሰፈሩን አያየውም። የሚያየው ጣባ ውስጥ የረጋ ሰማያዊ እርጎ ነው። ከውስጡ ውሻ ይጮሃል። ዶሮ ይጮሃል። ሴቶች ይጠራራሉ። ቤት ግን አይታይም።

ያምራል፣ አልዋሽም። ፎቶ አንስቼ ፌስቡክ ላይ ለጥፌዋለሁ። «ገነት ነው እኮ!» ያሉኝ ነበሩ። በዚያው ሰዓት ወንድሜ ከዚያ ገነት ውስጥ እያሳለ ወደ እኛ ይወጣ ነበር።

የደብረ ብርሃን ስም ራሱ ከሰማይ የመጣ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ላይ ብርሃን አይተው ቦታውን እንዲያ ብለው ሰየሙት ይባላል። ጅራታም ኮከብ ነው የሚሉም አሉ። ምንም ይሁን ምን፣ ሰማዩ የጠራ ሌሊት መሆን አለበት። ያ የጠራ ሰማይ ለንጉሡ ብርሃን አሳየ። ለእኛ ሰፈር ግን ውርጭና ጭስ አስተኝቶ ያድራል።

ከፍታውም የራሱ ጣጣ አለው። 2,800 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠረፍ ጋር ሲተያይ ሦስት አሥረኛ ገደማ ያነሰ ነው። ሳንባችን በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ያን ያህል ይቀንሳል። እሳቱም ከዚያው ቀጭን አየር ነው የሚተነፍሰው። ውሃ ደግሞ እኛ ጋ 100 ዲግሪ አይደርስም፤ ወደ 91 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ይፈላል ግን ቶሎ አያበስልም። እማዬ የባቄላ ንፍሮ ስትጥድ ከጠዋት ነው የምትጥደው። ቆላ የተዳረችው አክስቴ በመጣች ቁጥር ትስቃለች። «እናንተ ጋ ባቄላ አይበስልም፤ ይሰለቻል» ትላለች። ድስቱ በቆየ ቁጥር ማገዶ ይጨመራል። ማገዶ በተጨመረ ቁጥር ጭስ ይጨመራል።

አሁን ወደ ክረምት ልግባ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ክረምት ላይ የሰፈራችን ደጅ አየር ከዓመቱ ሁሉ የጠራ ነው። ዝናቡ አቧራውንም ጭሱንም አጥቦ ያወርደዋል። ደመናው ሌሊት ሙቀቱን ስለሚይዝ አክምባሎው እምብዛም አይከደንም። ንፋሱ ከደቡብ ምዕራብ እርጥበት ይዞ ይመጣል። ደጅ ቆማችሁ ስትተነፍሱ ቅዝቃዜው ደረታችሁ ድረስ ይገባል። ግን ክረምት ላይ ደጅ የሚቆም ማነው? ወንድሞቼ። ከብት ይጠብቃሉ። ዝናብ ይወርድባቸዋል፣ በረዶ ይመታቸዋል፣ ያለቅሳሉ። የሚስቡት ግን ያን አየር ነው። እኔና እማዬ ውስጥ ነን።

ውስጡን ልንገራችሁ። ግድግዳው ድንጋይ ነው። ብርድ እንዳያስገባ በጭቃና በእበት ተመርጓል። ያለችው አንዲት መስኮት በጆንያ ተወትፋለች። በአንድ በኩል ጥጆችና በጎች ያድራሉ። መሃል ላይ ምድጃው አለ። ኩበቱ በበጋ የጠፈጠፍነው ነው። ደርቆ ተከምሮ፣ ዝናብ እንዳያስገባ ክምሩ ላዩ በእበት ይለቀለቃል። ሐምሌ ላይ ግን ምንም ቢለቀለቅ ያስገባል። የረጠበ ኩበት አይነድም፣ ይጨሳል። እፍ እላለሁ። ዓይኔ ያለቅሳል። እንደገና እፍ። መጀመሪያ የሚመጣው እሳቱ አይደለም፤ ወፍራም፣ ወደ ቢጫ የሚወስደው፣ ጉሮሮ የሚከረክር ጭስ ነው። እሳቱ ሲያዝንልኝ ይመጣል።

ጭሱ ጣሪያው ሥር ይሰበሰባል። ከዚያ እየወፈረ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ክረምት ላይ ቤታችን ውስጥ ሰው ቀና ብሎ አይሄድም። እንግዳ ሲገባ እማዬ «ዝቅ ይበሉ፣ ዝቅ ይበሉ» ትላለች። እንግዳው ለአክብሮት በርጩማ የምታቀርብለት ይመስለዋል። ዓይኑን እያዳነችለት ነው። መሬት ላይ ቁርበት አንጥፎ የተቀመጠ ደህና ያያል። መደብ ላይ ያለው ያነጥሳል። የቆመ ሰው ያለቅሳል። ጎጆውም የራሱ ቆላና ደጋ አለው ማለት ነው፤ እዚያ ውስጥ የሚሻለው ቆላው ነው።

እንጀራ የምትጋግር ሴት ግን ቆላው ላይ መቀመጥ አትችልም። ምጣዱ ላይ ማጎንበስ አለባት። ፊቷ ልክ ጭሱ በሚነሳበት ነው። ታናሽ እህቴ ሕፃን ሆና በእማዬ ጀርባ ላይ ነበረች፤ የእሷም ጭንቅላት እዚያው ከፍታ ላይ ነው። በሁለተኛ ክረምቷ ደረቷ ዘጋ፣ ትንፋሿ ሲር ሲር አለ። አባቴ አቅፏት በዝናብ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። የሳንባ ምች ተባለ። ዳነች። አሁን ሁለት ልጆች አሏት። ከዚያ በፊት ከሰፈራችን ያልዳኑ ሕፃናት ነበሩ። የአንዳቸውም ሞት የጭስ ተብሎ አልተወራም። «ብርድ መታው» ነው የሚባለው።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት የዛሬውን ታሪክ በቁጥር ይነግረናል። በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ከነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ናቸው። ዋናው ጥፋተኛ በዓይን የማይታየው ብናኝ ነው፤ ከፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል የቀጠነ። ድርጅቱ በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። አየር በማያገኝ፣ ጭስ በሞላበት ቤት ውስጥ ግን ከሚመከረው እስከ 100 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የእማዬ ጀርባ ነው።

ጭሱን ጠላት ብቻ አድርጎ ማውራትም ይከብደኛል። የሣር ክዳኑ ዕድሜ ያገኘው በጭስ ነው። ነቀዝና ምስጥ ጥቀርሻ አይወዱም። ለዘር የተመረጠው እህል ከምድጃው በላይ ተንጠልጥሎ ይከርማል፤ ተባይ አይነካውም። እማዬ የወተቱን ቅል በወይራ ታጥናለች፤ እርጎው የሚጥመው በዚያ ነው። ሌሊት ከዜሮ በታች በሚወርድበት አገር ደግሞ ምድጃ ማለት ሕይወት ነው። ከከተማ መጥቶ «መስኮቱን ክፈቱት» የሚል ሰው ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት ይደርና እንነጋገር።

መስከረምና ጥቅምት ላይ ብዙ የምለው የለኝም። የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ነው። ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፣ አፈሩ ገና አልደረቀም፣ በሩ ተከፍቶ ይዋላል። ጥቅምት ላይ ብርዱ ይጀምራል፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ለዚያ ነው። እኛ ቤት አጥንቱ ብዙ ጊዜ ምኞት ብቻ ነበር።

ከዚያ ኅዳር ይገባል። ሰማዩ ይጠራል። ሌሊቱ ይረዝማል። ሣሩ ጠዋት ነጭ ሆኖ ያድራል። ማገዶ ግን ደርቋል፣ ቤት ውስጥ ያለው ጭስ ቀጥኗል። እማዬ ደጅ ላይ ትጋግራለች። ክረምት ቤት ውስጥ የነበረው ጭስ በኅዳር ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ደጅ ይወጣል ማለት ነው። ደጁ ደግሞ አክምባሎ ተከድኖበታል። በነሐሴ እኔና እማዬ ብቻችንን የምንበላውን በኅዳር ጣባው ውስጥ ያለ ሁሉ ይካፈለዋል።

ኅዳርን ካነሳሁ «ኅዳር ሲታጠን»ን ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን መታ። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ድነዋል። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው። እስከ ዛሬ ድረስ ኅዳር 12 ቀን የየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ በሽታው በጭስ ይባረራል። ልማዱን አልንቅም። በዚያ ዘመን ስለ ቫይረስ ማን ያውቅ ነበር? ቆሻሻ መጥረጉ ራሱ ጥሩ ነው። ግን አዲስ አበባም ከእንጦጦ ግርጌ ናት፤ በኅዳር ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ይወርድባታል። አየሩን ለማጠን የተመረጠው ቀን፣ አየሩ ጭስ መሸከም በማይችልበት ወቅት መሃል ላይ ወደቀ። ድሮ የሚቃጠለው ቅጠልና ገለባ ነበር። አሁን ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ባለፈው ዓመት በዚያን ዕለት ጠዋት ከቤቴ ስወጣ የእማዬ ሐምሌ ነው ትዝ ያለኝ፤ ልዩነቱ የኩበት ጭስ ቢያንስ መነሻው ሳር መሆኑ ነው።

በጋው ወደ የካቲት ሲገፋ ጭሱ ተራውን ለአቧራ ይለቃል። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ከምሥራቅ፣ ከገደሉ አፋፍ ይነሳል። ለውቂያ ጊዜ ይሄ ንፋስ በረከት ነው። ያለ እሱ እህልና እብቅ አይለይም። አባቴ መንሹን ይዞ አውድማው ላይ ቆሞ ንፋስ ሲጠብቅ፣ ሰውነቱ ሁሉ ጆሮ ይሆናል። ንፋሱ ሲመጣ እህሉ ከእግሩ ሥር ይወርዳል፣ እብቁ በእኛ በልጆቹ ላይ። አንገታችን ያሳክካል፣ ሌሊት እናስላለን። አባቴ ሳል የውቂያ ደመወዝ ነው ይል ነበር።

ሌላም የበጋ ጭስ አለ፤ ከአካባቢያችን ውጭ ብዙ ሰው አያውቀውም። በእኛ ደጋ ገብስ የሚዘሩ ገበሬዎች የሰለቸውን መሬት ያጋዩታል። ያርሱትና ሣር ያለበትን ጓል ይከምራሉ። ከሥሩ ኩበት ከተው ይለኩሳሉ። አፈሩ ራሱ ለቀናት ይጨሳል። የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ግሩም ነው። ከዚያ መሬቱ ይደክማል፤ አፈር ውስጥ የነበረው ብስባሽ አብሮ ተቃጥሏልና። በልጅነቴ ማታ ማታ ጋራው ላይ ቀይ ነጠብጣብ ይታይ ነበር፤ ከተማ ይመስለን ነበር። ጠዋት ግን ያ «ከተማ» እኛው ጋ ወርዶ ነው የሚገኘው።

አክስቴ ጋ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት በኩል፣ ነገሩ ሌላ ነው። በጣርማ በር ጣሊያን ያስቆፈረውን ዋሻ አልፋችሁ ቁልቁለቱን ስትወርዱ በሁለት ሰዓት መንገድ ከ1,500 ሜትር በታች ትገኛላችሁ። እዚያ ግድግዳው እንጨት ነው፤ በመሃሉ ጨረቃ ይታያል። ጭስ ቤት ውስጥ አይቆይም። ቢቆይም ትንኝ ስለሚያባርር ይፈለጋል። አክስቴ ምድጃዋ ከዓመት እስከ ዓመት ዳስ ሥር ነው። ግን በግንቦት ሞቃት ንፋስ አቧራውን አንስቶ ወጥ ውስጥ ይጨምረዋል። «እናንተ ጭስ ትበላላችሁ፣ እኛ አፈር» ትላለች። አንድ ዞን፣ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ቤተሰብ። ሳላችን እንኳን አይመሳሰልም።

የእማዬን ቤት ታሪክ ሳልነግራችሁ ብቀር ነገሩ ይጎድላል። በመንደር ምስረታ ጊዜ፣ በ1978 ዓ.ም. ገደማ፣ ትከሻው ላይ ተበትነው የነበሩት ቤቶች ታች ሜዳው ላይ በረድፍ እንዲሠሩ ተደረገ። እማዬ ያኔ ሙሽራ ነበረች። ስለዚያ ጊዜ ስጠይቃት ፖለቲካ አታወራም።

«ጭሱ ነዋ» ትላለች። «የጎረቤትሽን ጭስ ትበያለሽ። ጎረቤትሽ ያንቺን ይበላል። ዓይናችን ፈጠጠ፣ ቀላ፣ የተጣላን መሰለ።»

በ1982 ፖሊሲው ሲላላ አባቴ ከማንም ቀድሞ ጣሪያውን ነቀለና ወደ ትከሻው ተመለሰ። ሰው ለመሬቱ ብሎ ነው አለ። እማዬ ለእሷ ዓይን ብሎ እንደሆነ ታምናለች። እኔ የእማዬን እይዛለሁ።

አሁን ወንድሜ በራሱ ፈቃድ ታች ወርዷል። አልፈርድበትም። መንገድ አለ፣ መብራት አለ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ቅርብ ናቸው። ቤቱ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ክብር ነው። ግን የሣር ክዳን ጭሱን በየመሃሉ እያሾለከ ያወጣ ነበር። ቆርቆሮ አያሾልክም። ኅዳር ላይ ደግሞ ብርዱ ቆርቆሮውን ሲነካው ከሥሩ ያለው እንፋሎት ጤዛ ይሆንና ጥላሸት ይዞ ይንጠባጠባል። ወንድሜ ልጁን ነጭ ልብስ አልብሶ ለቅዳሴ ሊወጣ ሲል ትከሻዋ ላይ ጥቁር ጠብታ ያርፋል። መብራቱም ቢሆን አምፖልና ስልክ ነው የሚችለው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይጎትታል፤ አንድ ጎረቤት ሞክሮ ሰፈሩን በሙሉ አጨልሞታል። በጉልበት ሳይሆን በይሉኝታ ወደ ማገዶው ተመለሰ።

እኔ ደሞዝ ስይዝ ለእማዬ «ምርጥ» የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ ገዛሁላት። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ ነው። እሳቱን ዙሪያውን ከድኖ ስለሚይዝ ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ወደደችው። ለእንጀራ ብቻ። ለወጥና ለቡና እዚያው ሦስት ጉልቻዋ ላይ ናት። «ይሄ አይሞቅሽም እኮ» አለችኝ። «እግሬን የት ላድርግ?» ምድጃ ሲሠሩ የእግርን ነገር ያሰበ ያለ አይመስለኝም። ለወንድሜ ሚስት ሌላ ገዛሁ፤ የጭስ ማውጫ ቧንቧም አስገጠምን። ቤቱ ውስጥ ያለው አየር በጣም ተሻለ። ጭሱ ግን በቧንቧው ወጥቶ ጣባው ውስጥ ይቀመጣል። ደጅ የሚጫወቱት ልጆች ናቸው።

ባለፈው ኅዳር መጨረሻ ሄጄ ነበር። ጾመ ነቢያት ገብቷል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ብርዱ አነቃኝ። እማዬ ተነስታ ጋቢዋን ተከናንባ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ምድጃው አልተለኮሰም።

«እማዬ፣ እሳት አታነጂም? በረድኩ እኮ።»

«ትንሽ ጠብቂ።»

«ምን ልጠብቅ?»

በአገጯ ወደ ታች አሳየችኝ። የወንድሜ ቆርቆሮ ጫፉ ብቻ ይታያል። የቀረው ሰማያዊ እርጎ ነው። ከዳገቱ በኩል ቀጭን ብርድ በእግሬ መሃል ወደ ታች ሲወርድ ተሰማኝ። አባቴ ውርጭ ዝቅታ ይወዳል ያለው እሱ ነው።

«በዚህ ሰዓት ካነደድኩ ጭሴ ቁልቁል ነው የሚሄደው» አለች። «እዚያ ልጆቹ ላይ። ትንሿ ታስላለች። ፀሐይ ጋራውን ስትነካ ይገለበጣል። ያኔ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይወጣል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትጠብቂው?»

«ከወረዱ ጀምሮ።»

ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ስድስት በጋ ሙሉ ጠዋት ጠዋት በብርድ ተቀምጣለች ማለት ነው። እኔ በመጣሁ ቁጥር እሷ የምትነሳው ከእኔ በፊት ስለሆነ አላየሁም። ጾም ሲሆን ይቀላል፤ የሚበላው ከሰዓት ነው። ቡናው ግን ይከብዳል። ጋቢዋን ገለጥ አድርጋ አጠገቧ አስገባችኝ። ጋቢው ጭስ ጭስ ይላል።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ፀሐይዋ የጋራውን ወገብ፣ የአባቴን ድንጋያማ ማሳ አልፋ ወደ ጣባው ወረደች። እርጎው ዳር ዳሩን መሳሳት ጀመረ። ከወንድሜ ቧንቧ የሚወጣውና እስካሁን ተኝቶ የነበረው ጭስ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆመ። እማዬ እያየችው ነበር። ክብሪቱን ከጉያዋ አወጣች።